አሞራ ኮረብታ፦ ከመቶ ስንት?

እስቲ ያንን ሰማያዊ በርሜል ተመልከቱት። ክዳኑን አንሡና አጎንብሱ። ውሃው ላይ የሚታየውን የራሳችሁን ፊት ተዉትና ከሥሩ ያለውን እዩ። እየተጠማዘዘ ወደ ላይ የሚወጣ፣ አየር ስቦ ተመልሶ የሚጠልቅ፣ ከክር የማይወፍር ነገር አያችሁ? የትንኝ እጭ ነው። ጥቂት ቀን ስጡትና ክንፍ አውጥቶ ደማችሁን ይጠጣል፤ ሲጠጣም የደንጊን ትኩሳት ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ያጋባል። በአሞራ ኮረብታ የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው፤ እሱም ከመጣ። ስለዚህ በርሜል የሌለው ቤት የለም። ከተማው ውሃ ይነፍገናል፣ እኛ እናጠራቅማለን፣ ከዚያ ያው ከተማ ያጠራቀምነውን የሚመረምር ሰው ቀጥሮ ይልክብናል። ይህን ጉድ ማን ብሎ ይጥራው!

ከሚላኩት አንዷ ዣንዲራ ናት። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ኮረብታ ላይ፣ ፔድራ ሙዳ ከተማ ጫፍ፣ የብራዚል ሰሜን ምሥራቅ ፀሐይ ድንጋዩን በሚሰነጥቅበት ሰፈር ነው። በአሥራ አንድ ዓመቷ ትምህርት አቋርጣ ጂንስ ሱሪ ከሚሰፋበት ቤት ገባች። እዚያ አሥራ አምስት ዓመት የኋላ ኪስ ብቻ ሰፋች። አንድም ቀን ሙሉ ሱሪ ሰፍታ አታውቅም፤ ኪስ፣ ኪስ፣ ደግሞ ኪስ። ከዚያ የወረሰችው ቀኝ እግሯን ነው። ወንበር ላይ ከተቀመጠች እግሯ የስፌት መኪና የሚረግጥ ይመስል ይሄድ ይሄድና አያቆምም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ስብሰባ ላይ፣ ሐኪም ፊት፣ ያው ነው። እሷም ስለምታውቀው አትቀመጥም። የበቆሎ ኩስኩሷን ቆማ ትበላለች፣ ቆማ ትሰማለች፣ ቆማ ትቆጣለች። ባሏ ለግንባታ ሥራ ወደ ደቡብ ሄዶ ድምፁ እየራቀ እየራቀ ጠፋ። የቀረቻት ልጇ ራቬና ናት።

ራቬና ባለፈው ዓመት ደንጊ ይዟት አጥንቷ እስኪነቃነቅ ተሠቃየች። ዳነች። ሲያሰናብቷት ግን ነርሷ ዣንዲራን ወደ ጥግ ጠርታ፣ "ሁለተኛ ጊዜ በሌላ ዓይነት ደንጊ ከተያዘች ከመጀመሪያው ሊከፋ ይችላል፣ ጠብቂያት" አለቻት። ጠብቂያት! ሰው ልጁን ከትንኝ እንዴት ይጠብቃል? ከዚያ ቀን ወዲህ ዣንዲራ ግድግዳ ላይ ጥቁር ነጥብ ባየች ቁጥር በጥፊ ትመታለች፤ ሚስማርም ቢሆን።

ከተማው ያለው መድኃኒት የሚረጭ መኪና አንድ፣ ከመኪናው ጋር በየቤቱ የሚዞር ቡድን አንድ ነው። የሰኔው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ሲደርስ በየደጁ እሳት ይነድዳል፣ ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል፣ ዝናቡም ያኔ ነው። ከበዓሉ በፊት መኪናው የት ይሂድ የሚለው የሚወሰነው በቁጥር ነው። በየሰፈሩ በዕጣ ጥቂት ቤቶች ይወጣሉ፣ ውሃቸው ይታያል፣ ከመቶ ስንቱ እጭ እንዳለው ይሰላል። አራትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰፈር መኪናውን ያገኛል።

ከአሞራ ኮረብታ ሰማንያ ቤት በዕጣ ወጣ። በሁለቱ ቤት እጭ ተገኘ።

ስብሰባው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነበር። የጤና ቢሮው ኃላፊ ዶክተር ሳልቪያኖ፣ እንቅልፍ ያጣ ደግ ሰው፣ ወረቀቱን ፊቱ ላይ አስጠግቶ አነበበ።

"አሞራ ኮረብታ፣ ሁለት ነጥብ አምስት። ከአራት በታች ነው። መኪናው ወደ አውቶቡስ ተራ ይሄዳል። ቀጥሎ…"

"ቀጥሎ የለም!" አለች ዣንዲራ ከግድግዳው ሥር። "ዶክተር፣ ከቁጥሩ ሥር በትንንሹ የተጻፈውን ለምን አያነቡትም? ከአንድ በታች እስከ ዘጠኝ ገደማ ይላል። ዘጠኝ! ዘጠና አምስት ከመቶ እርግጠኛ ነን ብላችሁ ራሳችሁ ጽፋችኋል! ዘጠኝ የገባበት ሰፈር ነው የምትዘሉት?"

"አንቺ ልጅ፣ እዚያው ላይ ከአንድ በታችም ይላል እኮ። እሱንስ ለምን አላነበብሽውም?"

አዳራሹ ሳቀ። ከኋላ አንዱ፣ "ዣንዲራ ከትሪ ላይ ስታነሣም ትልቁን ቁራሽ ነው!" አለ። ሳቁ እጥፍ ሆነ።

"ሳቁ እናንተ!" አለች። "ሆስፒታል አልጋ ላይ ተሰልፋችሁ ስትስቁ አያችኋለሁ!"

"እንግዲያው" አለ ዶክተሩ፣ ወረቀቱን እያጠፈ፣ "አንዲት መኪና ነች ያለችኝ። ከአንድ በታች እስከ ዘጠኝ ማለት ንጹሕም ታማሚም ማለት ነው፤ በዚህ ለማን ልላክ? ጠበብ ያለ ነገር አምጪልኝ፣ አየዋለሁ።"

እዚህ ላይ ዝም ብዬ አላልፍም። ዶክተሩ ከመሃል ያለውን ቁጥር አንሥቶ ሰፈር ሙሉ ሰው አሰናበተ፤ ያ ጥፋት ነው። ዣንዲራ ግን ምን አደረገች? ከጠርዝ ያለውን አንሥታ ጮኸች። የተበደለ ሰው የያዘው ሒሳብ ሁሉ ልክ አይሆንም፤ ቁጣ ብቻውን ሒሳብ አይሠራም።

ይህን የነገራት መምህር ኤቫንድሮ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለጤና ሠራተኞች በሚሰጠው ትምህርት ስታቲስቲክስ ያስተምራል። ከሲታ ነው፣ ኖራው ሁልጊዜ ሱሪው ላይ ነው፣ ሲያስተምር ድምፁ የገበያ ሻጭ ድምፅ ነው። ዣንዲራ ገና ከበር ሳትገባ ጀመረችው።

"መምህር፣ የዚያ የመተማመኛ ክልል የሚሉት ነገር አሳፈረኝ። ዘጠና አምስት ከመቶ እርግጠኛ ነን ካለ፣ ስለ ምንድን ነው እርግጠኛ የሆነው? ዘጠና አምስቱ የማን ነው?"

"ተቀመጪ።"

"ቆሜ ይሻለኛል።"

"በዮሐንስ በዓል ድንኳን ቀለበት ወርውረሽ ታውቂያለሽ አይደል? ጠርሙስ ላይ የሚወረወረውን?"

"ማን የማያውቅ አለ!"

"እሺ፤ ዓይንሽን አስረሽ ወረወርሽ በይ። ጠርሙሱ ቆሟል፣ አይንቀሳቀስም። ከኮረብታችሁ ቤቶች ከመቶ ስንቱ እጭ እንዳለው፣ እኛ ባናውቀውም ቁጥሩ ቁርጥ ነው፤ ጠርሙሱ እሱ ነው። የሚወረወረው ቀለበቱ ነው። ሌላ ሰማንያ ቤት በዕጣ ወጥቶ ቢሆን ቀለበቱ ሌላ ቦታ ያርፍ ነበር። እንዲህ እያልን መቶ ጊዜ ብንወረውር ዘጠና አምስት ያህሉ ጠርሙሱን ያስገባሉ። ዘጠና አምስቱ የወርዋሪው እጅ ነው፣ የኮረብታው አይደለም። ይቺ አንዷ ውርወራችሁ ግን ወይ አስገብታዋለች ወይ ስታዋለች፤ ዓይናችን እንደታሰረ ነው።"

ዣንዲራ ቀለበት የያዘች ይመስል ባዶ እጇን ወደ ፊት ወረወረች። ከዚያ፣ "ታዲያ ሁለት ነጥብ አምስቱስ?"

"የቀለበቱ መሃል ነው፤ ጠርሙሱ አይደለም። ዶክተሩ መሃሉን ቆርሶ በላ፣ አንቺ ጠርዙን ቆርሰሽ በላሽ። ቀለበቱን እንዳለ ያየ ሰው ግን ከአዳራሹ አልወጣም።"

"እንግዲያው እርግጠኝነቱን ዘጠና ዘጠኝ ያድርጉልኝ፤ ከዚያ ማን ይስቃል!"

"በዚያው በሰማንያ ቤት? አደርግልሻለሁ። ቀለበቱ ይሰፋል። ቀለበት ሲሰፋ መሳቱ ይቀራል፤ የነገረሽ ነገር ግን አይኖርም። መቶ ከመቶ እርግጠኛ የሆነም አለኝ፤ 'ከዜሮ እስከ መቶ ነው' ይላል። ልጠቅልልሽ?"

ክፍሉ በሳቅ ተንከተከተ። ዣንዲራም ሳትወድ በግዷ ፈገግ አለች።

"ማጥበብ ነው የምፈልገው።"

"ቤት ጨምሪ።"

"እጥፍ ላድርገው? ስፋቱ በግማሽ እንዲቀንስ?"

"በግማሽ ለማጥበብ አራት እጥፍ ነው።"

"አራት!" ብላ ጮኸች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

አራት እጥፍ ማለት ሦስት መቶ ሃያ ቤት ነው፤ ያውም ሽቅብ። የሥራ ጓደኛዋ ኔልሲ ግን እሺ አለች። ኔልሲ ወሬ የማይጠፋባት፣ ከሁሉ ጋር ሰላምታዋ የሞቀ ሴት ናት። "የሰው በር ተዘግቶ ጉልበታችን እንዳይባክን እኔ ቀድሜ እነግራቸዋለሁ" አለች። በየመንገዱ ቀድማ እያለፈች፣ "ነገ ከሰዓት እኛ ነን፣ ቤት ሁኑ! የኮረብታችን ጉዳይ ነው!" ትላለች። ጠቃሚ መሰላት። ለዣንዲራም መሰላት። በሮች ሁሉ ተከፈቱ። በየቤቱ የተቀቀለ በቆሎ ቀረበላቸው። ዣንዲራ ባትሪዋን እያበራች በየበርሜሉ ታጎነብሳለች፤ ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ እዚህም እዚያም ትንንሽ ዓሣዎች ይዋኛሉ። እጭ የሚበሉ ዓሣዎች ናቸው፤ በርሜል ውስጥ መጨመር የቆየ ልማዳችን ነው።

ከሦስት መቶ ሃያው ቤት እጭ የተገኘው በሦስት ብቻ። ቀለበቱ ጠበበ፤ ከግማሽ በታች እስከ ሦስት ያልሞላ። ከእነ ጠርዙ ከአራት በታች።

"ንጹሕ ነን!" ብላ ኔልሲ መንገድ ላይ ዘፈነች። "እኛ ነን ንጹሖቹ!"

ዣንዲራ አልዘፈነችም። ማታ ቤቷ ገብታ የራቬናን ክንድ አየች፤ ከትከሻ እስከ መዳፍ ተነክሶ ቀይ በቀይ ሆኗል። ጠባቡ ቁጥር "ትንኝ የለም" ይላል፤ የልጇ ክንድ ደግሞ ሌላ ይላል። ቁጥሩን ለማመን ሞከረች። መምህሩ ያስተማራት እሱን አይደል? ቤት ጨምሪ አላት፣ ጨመረች። ጠበበ። ታዲያ ይህን ክንድ ማን ነከሰው?

በማግስቱ ባትሪዋን ረስታበት ከነበረው ከዶና ኩስቶዲያ ቤት ሄደች። ዶና ኩስቶዲያ ራቬናን ክርስትና ያነሣች፣ አበልጇ ናት፤ ምላሷ ከቢላዋ የሚብስ ባልቴት። ባትሪው በርሜሉ አጠገብ ነበር። ዣንዲራ እጇ አላርፍ ብሎ ክዳኑን አነሣች። ዓሣ የለም። እጩ ግን ይርመሰመሳል።

"አበልጄ! ዓሣዎቹስ? ትናንት እዚህ ሲዋኙ አልነበር?"

"ሄዱ።"

"ዓሣ ወዴት ይሄዳል? እግር አበቀለ?"

"በባልዲ ነዋ የሚሄደው! ከጎረቤቴ ከፍሎሪስቤላ ቤት ናቸው አሁን። ወደኔ ከመምጣታቸው በፊት ላይኛው ሰፈር ነበሩ። ኮረብታው ላይ ያሉት ዓሣዎች እኮ እነዚሁ ናቸው፤ እናንተ በፊት ለፊት በር ስትገቡ እኛ በጓሮ እናስተላልፋቸዋለን። ምስኪኖቹ ዓሣዎች ጠግበው ሊፈነዱ ነው!"

ዣንዲራ በርሜሉን በሁለት እጇ ያዘች።

"በዚያው ዓሣ ነው ሰፈር ሙሉ ያታለላችሁኝ?"

"ማን አታለለሽ? እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም? ገበና አይሸፈንም? ያንን ሁሉ ሳቅ ከሳቁብሽ በኋላ ደግሞ ቆሻሾች ይበሉን? ላንቺ ብለን ነው የደከምን!"

"ዓሣ ያደረ ውሃ ነው እኮ የማየው! መኪናው እንዲመጣ እውነቱ መታየት አለበት!"

"መኪናው?" ዶና ኩስቶዲያ ከልቧ ግራ ገባት። "ልጄ፣ ባለፈው ዓመት ንጹሕ ለተባለው ሰፈር አይደል ለዮሐንስ በዓል አኮርዲዮን ተጫዋች የላኩት? እኛ ደግሞ ዘንድሮ ወደዚህ ይመጣል ብለን ነው።"

ነገሩ ይህ ነው። ንጹሕ ሰፈር ዘፈን ይሸለማል፤ የታመመ ሰፈር መኪና ይላክለታል። ሁለቱን በአንድ ቁጥር የሚያሰናዳ ቢሮ፣ ከድሃው ምን ይጠብቃል? ሕዝቡ ዘፈኑን መረጠ። ልጆቻቸው የሚተኙት ግን እጩ ካለበት በርሜል አጠገብ ነው፤ ይህን ደግሞ ቢሮው ላይ ማላከክ አይቻልም። ገበና መሸፈን እዚህ አገር ክብር ነው። ክብሩ ልጅ ሲያስቀብር ግን ክብር ብዬ አልጠራውም።

ዣንዲራ ከመምህሩ ቤት እየሮጠች ደረሰች።

"ጠበበ አላሉኝም? ሲጠብ እውነት ነው ብዬ ላቤን አፈሰስኩ!"

"ጠቧል። ጠርሙሱ ከሌለበት ቦታ ላይ ጠቦ ቁጭ አለ" አለ ኤቫንድሮ፣ የዓሣውን ነገር ሰምቶ ሲያበቃ። መሳቅ ፈልጎ ፊቷን አይቶ ተወው። "ስፋቱ የሚነግርሽ ዕጣ በማውጣት የሚመጣውን መዛነፍ ብቻ ነው። ዓሣ አያውቅም። ቀድሞ የተጠረገ ቤት ሺህ ብታዪ፣ የምታገኚው የጠበበ ውሸት ነው። ጥፋቱ የኔም ነው፤ ቤት ጨምሪ አልኩ እንጂ እንደምትመጡ ማን ቀድሞ ያውቃል ብዬ አልጠየቅኩም።"

"ሁለተኛው ስብሰባ ሐሙስ ነው። ሦስት መቶ ቤት እንደገና አልደርስም።"

"ስልሳ ቤት ግቢ። ዕጣ አውጪ፣ ለማንም አትንገሪ።"

"ይሰፋል!"

"ይስፋ። ማጥበብ በራሱ ምን ያደርግልሻል? መስመሩ አራት ላይ ነው። ቀለበቱ መስመሩን ካልረገጠ፣ ቢሰፋ ምን ገደደሽ?"

ኔልሲ ምስጢር መያዝ እንደማትችል ራሷ ስለምታውቅ፣ "እኔን ተይኝ፣ ከነገርሽኝ እናገራለሁ" አለች። ዣንዲራ ብቻዋን ወጣች። በጠዋት፣ በምሳ ሰዓት፣ ሳይጠበቅ። አንዳንዱ በር ተዘግቷል፤ የተዘጋውንም ጻፈች። አንዳንዱ በር ላይ ተሰደበች። "ሌባ እንኳ ከመግባቱ በፊት አጥር ይነቀንቃል!" አላት አንዱ፣ ፊቱ ላይ ሳሙና ተቀብቶ። በቆሎ ያቀረበላት የለም። እሷም አልተቀየመችም፤ እግሯ ወደ ቀጣዩ ቤት ቀድሟት ነበር። ስልሳ ቤት ገባች። ሰባቱ እጭ ነበረባቸው።

ሐሙስ አዳራሹ ሞልቷል። ንጹሕ ነን የሚለው ወሬ በኔልሲ አፍ ተሰራጭቶ፣ ሴቶቹ አኮርዲዮኑ የት እንደሚቆም ይከራከራሉ። ዣንዲራ ሁለቱንም ወረቀት ዶክተር ሳልቪያኖ ፊት አኖረች። ጠባቡን አስረክባ የጀግና ስም ይዛ መውጣት ትችል ነበር።

"ይሄኛው ጠባብ ነው" አለች። "እርስዎ የጠየቁኝ እሱን ነው። ውሸት ነው። ቀድመን ስለነገርናቸው እጩን በውሰት ዓሣ አስበልተውታል። ይሄኛው የስልሳ ቤት ነው፣ ሳይነገር የታየ።"

በአዳራሹ ጉምጉምታ ተነሣ። "ምን አለች?" "አኮርዲዮናችንን!" "ገበናችንን አደባባይ አወጣችው!"

ዶክተሩ አነበበ። "ከአምስት እስከ ሃያ ሁለት አካባቢ። ይሄማ ከመጀመሪያው ቀን ይበልጥ ይሰፋል።"

"ይሰፋል" አለች ዣንዲራ። እግሯ መሬቱን ትደበድባለች። ሃያ ሁለት ብላ ለመጮኽ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። "እውነተኛው ቁጥር ስንት እንደሆነ አላውቅም። ሃያ ሁለት ነው አልልም። ቀለበቱን እንዳለ ይመልከቱልኝ።"

ዶክተሩ ጣቱን በቁጥሮቹ ላይ አስኬደ።

"ታችኛው ጫፍ ራሱ ከአራት በላይ ነው" አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል። "ለመኪናው የሚያስፈልገኝ ይሄ ብቻ ነው። ግን ዓሣ ምናምን ያልሽው… ማን ነው የሚመሰክርልሽ?"

 ሰው ሁሉ ጫማውን ያይ ጀመር። ዣንዲራ ወደ ዶና ኩስቶዲያ ዞረች፤ ባልቴቷ ፊቷን አዞረችባት። ዣንዲራ አልለመነቻትም። "የክርስትና ልጅሽ ክንድ" አለች ብቻ። "ቤቴ መጥተሽ እዪው።"

ዶና ኩስቶዲያ እየተራገመች ተነሣች።

"ዓሣዎቹ የኔ ናቸው!" አለች። "ሃያ ናቸው፣ አንዱ ሞቷል፣ ይኼው በአደባባይ ተናገርኩ! አሁን መኪናውን ላኩ! አንቺም አበልጄ፣ እስከ ገና ድረስ ቤቴ ድርሽ እንዳትዪ!"

መኪናው ቅዳሜ መጣ። ቡድኑ በየጓሮው ገብቶ በርሜል ጠረገ፣ መድኃኒት ጨመረ፤ ጭሱ ኮረብታውን ሸፈነው። አኮርዲዮኑ ንጹሕ ለተባለ ለሌላ ሰፈር ደረሰ። በበዓሉ ምሽት የአሞራ ኮረብታ ሰዎች በየእሳታቸው ዙሪያ ሆነው የሩቁን ዘፈን በነፋስ ሰሙ፤ ዣንዲራ ስታልፍም ግማሹ ሰላም አላላትም። ራቬና በዚያ ወር አልታመመችም። መኪናው ነው ያዳናት አልልም፤ አንዲት ልጅ ስላልታመመች ይህ ነው ያዳናት ማለት፣ ያው ከመሃል ቆርሶ መብላት ነው። ዣንዲራም አላለችም። ሰላም የነሷትን ሰዎች በር በሁለተኛው ወር እንደገና ልታንኳኳ፣ ለማንም ቀድማ ሳትናገር፣ ወጣች።

እናንተም አንድ ነገር አድርጉልኝ። ከሬዲዮም ይሁን ከቢሮ አንድ ቁጥር ብቻውን ሲወረወርላችሁ፣ ከስንት እስከ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ጠባብ ነው ሲሏችሁም ወዲያው አትርኩ፤ እንዴት ቆጠራችሁት፣ ማንስ ቀድሞ ያውቅ ነበር በሉ። ቆጣሪዋ ወደ እናንተ ደጅ ስትመጣ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ቤታችሁን እንዳለ አሳዩአት።